በጁምዓ የምንፈታቸው ወፎች

ሉጥፊያ ዚሩን እያጠበች ነበር። ዚር እዚህ ካርቱም በየግቢው ደጃፍ ለመንገደኛ ውሃ የሚቀመጥበት ሆደ ሰፊ የሸክላ ጋን ነው። እጇን እስከ ብብቷ አስገብታ በቴምር ቃጫ ታሸዋለች፤ ቃጫውን አውጥታ ትጨምቃለች፤ ደግሞ ታስገባለች። ውስጡን ስትጨርስ ከሥሩ ያለውን ጎድጓዳ ሳህን አነሳች። ከዚሩ የሚንጠባጠበው ውሃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ሳህኑን ከዚሩ አብልጣ አጠበችው።

«ለመንገደኛ ነው ለወፍ?» አላት የግቢው ዘበኛ ክብሮም፣ ከወንበሩ ሳይነሳ።

«ወፎቹም መንገደኞች ናቸው።»

«ኢቃማ አላቸው?»

«አንተስ አለህ?»

ኢቃማ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ለአንዳችንም የሚያስቅ ነገር አልነበረም፤ ግን እነሱም፣ ወደ ወንዙ አብሬያት ልሄድ የመጣሁት እኔም ሳቅን።

ሉጥፊያ የባቲ ልጅ ናት። አል-ማንሺያ ሰፈር ከዚህ ቪላ ገብታ የሰው ቤት መሥራት ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። የመጀመሪያውን ዓመት ትጠፋለች ብለው ከበር አላስወጧትም። ከወጥ ቤቱ መስኮት በአጥሩ ፍርግርግ በኩል የሚታያት ያ ዚር ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት ከሳህኑ ጠርዝ ላይ የማታውቀው ትንሽ ወፍ ቆሞ አየች፤ ጉሮሮው ሰማያዊ፣ ሰማያዊው መሃል ላይ ምስር የምታክል ቀይ ነጥብ። በማግስቱ ሌሎች መጡ፤ ጭራቸው አርፎ የማያውቅ ቢጫዎች፣ ከቅጠል የማይለዩ አረንጓዴዎች። ጥቂት ሳምንታት ጠጥተው፣ ዘምረው፣ አንድ ቀን ሁሉም ጠፉ። ከደቡብ፣ ከእኛው አገር በኩል መጥተው በረሃውንና ባሕሩን ተሻግረው ወደ ሰሜን እንደሚሄዱ የነገራት የለም። ራሷ ናት ቀስ እያለች የደረሰችበት።

ያ ወር ሙሐረም ነበርና በየዓመቱ ሙሐረም ሲገባ ሳህኑን አጥባ ትጠብቃለች። በሁለተኛው ዓመት ዘገዩባት። በሦስተኛው ይባስ ዘገዩ። «ሰነፉ እኮ እትዬ!» አለችኝ ተቀይማ። የሚሸሸው የጨረቃው ወር ነው፣ እነሱ ቀናቸውን አልሳቱም ብዬ በሐበሻው አቆጣጠር መጋቢትን አስያዝኳት። ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት አላመለጧትም። ወፍን በዓይነት ብቻ አይደለም የምትለየው፤ አንዱን ከአንዱ ትለያለች፣ እኛ የጎረቤት ልጆችን እንደምንለየው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

ጁምዓ ከሰዓት እኛ ሐበሾች ዓባይ ዳር፣ ከማንሺያ ድልድይ አለፍ ብሎ ካሉት ግራሮች ሥር እንሰበሰባለን። ሰልፍ ኖሮ ድልድዮቹ ካልተዘጉ ሴቶቹ ከወንዝ ማዶ፣ ከካፉሪም ከኦምዱርማንም፣ በሃፊላ አውቶቡስ ይመጣሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ሁዘይፋ የሚባል ሰው በብስክሌቱ ላይ የሽቦ ሳጥን ጭኖ ወደዚያ መጣ። ሳጥኑ ውስጥ ወፎች ታጭቀዋል።

«ያ ሐበሺያት! ነፍስ ፍቱ፣ አጅር ውሰዱ!» ይላል፤ አጅር ማለት የአላህ ምንዳ ነው።

ሉጥፊያ ስታያቸው አለቀሰች። በኪሷ ያለውን ሁሉ ሰጥታ ገዛችና አንድ በአንድ ለቀቀቻቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። የታሰረ ነፍስ መፍታት ሰደቃ ነው፤ የሰው ቤት ታስሮ ለኖረ ሰው ደግሞ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳችሁ አይገባም። በሚቀጥለው ጁምዓ ሁዘይፋ ብዙ ወፍ ይዞ መጣ። ከዚያ ደግሞ የበለጠ። አንዷ ለታመመች እናቷ ፈታች። ከሁላችን ታናሽ የሆነችው ሙኒያ ወረቀቷ እንዲወጣላት ፈታች። እኔም ለልጅ ልጄ ፈትቻለሁ፤ አልዋሽም። ወፏን በመዳፌ ይዤ፣ የልጁን ስም ጠርቼ ወደ ላይ ለቀቅኳትና ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። አስተባባሪያችን ሉጥፊያ ነበረች። ገንዘቡን ከሴቶቹ የምትሰበስበው እሷ፣ የወፎቹን ክንፍ አይታ የደከመውን መጀመሪያ የምታስፈታው እሷ።

ዚሩን ስታጥብ ያገኘኋት ቀንም ጁምዓ ነበር። ወደ ወንዙ ስንሄድ ደስ ብሏት አፏ አላርፍ አለ።

«እትዬ፣ ባለፈው ሳምንት የፈታሁት ባለ ሰማያዊ ጉሮሮ ትዝ ይልሻል? ከጭራው በቀኝ በኩል ሁለት ላባ የጎደለው፣ ቀዩ ነጥብ ከመሃል የተሰነጠቀው? ረቡዕ መጣ! ከሳህኔ ጠጣ!»

«ሌላ ቢሆንስ?»

«የራሴን ልጅ አላውቅም?»

ወንዙ ዳር ስንደርስ ሁዘይፋ ብስክሌቱን ከግራር አስደግፎ ሻይ ይጠጣል። ሉጥፊያ እንደ ልማዷ የደከመውን ልትመርጥ ከሳጥኑ ፊት ተንበረከከች። ከዚያ ሽቦውን በሁለት እጇ ጨበጠች። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከሽቦው ጥግ ተጣብቆ፣ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ባለ ሰማያዊ ጉሮሮ አለ። ሁለት ላባ ጎድሎታል። ነጥቡ ከመሃል ተሰንጥቋል።

«ይህን የት ያዝከው?» አለችው በዐረብኛ።

«ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ወፍ ወፍ ነው። ትፈቺዋለሽ አትፈቺውም?»

«የት ያዝከው አልኩህ!»

በአገጩ ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ አፋፍ ጠቆማት። አልደበቀም። ምን ያስደብቀዋል? እየሮጠች ወረደች፤ እኔም በዚህ ጉልበቴ ተከተልኳት።

ከምንፈታበት ቦታ ስልሳ እርምጃ አይሞላም። በዝቅተኞቹ ግራሮች ላይ ሙጫ የተቀቡ ቀጫጭን እንጨቶች እንደ ቅርንጫፍ ተሰክተዋል። አራት ቀን በሳጥን የቆየ፣ የተጠማ፣ ክንፉ በአሮጌ ሙጫ የተያያዘ ወፍ ሲለቁት ወዴት ይሄዳል? ሰማዩን ሰንጥቆ አውሮፓ ይገባል? ከፊቱ ካለው የመጀመሪያው ዛፍ ላይ ያርፋል እንጂ! እኛ ላይ ሆነን እልል ስንል ሰውየው ገንዘቡን ይዞ ታች ወርዶ ይለቅማቸዋል። አንዱን ወፍ ስንት ጊዜ እንደገዛነው አላህ ይወቀው። ረቡዕ ከሳህኑ የጠጣው ዕድለኛ ሆኖ ያን ቀን አምልጦ ነበር፤ ሐሙስ ግን እዚያው ዛፍ ላይ ተያዘ።

ሦስት ወፎች በእንጨቶቹ ላይ ተንጠልጥለው ነበር። አንዷ እግሯን ለማስለቀቅ ስትታገል እግሯ ተገንጥሏል። ሉጥፊያ ለምሳችን ከያዝነው ዘይት በጣቷ እያስነካች ሙጫውን አሟሟችው። ሁለቱን አስለቀቀች። እግሯ የተገነጠለው ግን እዚያው መዳፏ ላይ ቀረች፤ አንገቷ እንደ ክር ወደቀ። ሉጥፊያ ተነስታ እንጨቶቹን አንድ በአንድ እየነቀለች በጉልበቷ ሰበረቻቸው። ከዚያ ሽቅብ ወጥታ የሳጥኑን በር ያዘች። ሁዘይፋ የእጇን አንጓ አፈፍ አደረገ።

«ሳትከፍዪ?»

«ለአንተ ሁለተኛ ሳንቲም አልሰጥህም! አታፍርም? ነፍስ እየሰረቅህ ነፍስ ፍቱ ትላለህ?»

«እኔ ዓሣ አጥማጅ ነበርኩ» አለ፤ ቁጣ እንኳ አልነበረውም። «ይህን ላባ ማን ይበላዋል? ሥጋ የለው። ወላሂ፣ ወፍ አጥማጅ ያደረጋችሁኝ እናንተ ናችሁ። አንቺ ነሽ፣ ያ ኻልቲ። የመጀመሪያ ቀን ሁሉንም ስትገዢኝ ሚስቴ መረቀችሽ።»

ሉጥፊያ የሳጥኑን በር አልለቀቀችም። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አሁን ካስቸገርሽኝ ፖሊስ እጠራለሁ። ኢቃማሽን ታሳዪያቸዋለሽ፤ አይደል?»

እጇ ከሳጥኑ ወረደ። ሙኒያ መጥታ ትከሻዋን ያዘች።

«እታለም፣ ያላ፣ ክፈዪውና እንፍታቸው። እሱ ከአምላኩ ጋር ይተሳሰብ፤ እኛ አጅራችንን እናግኝ።»

«ምን አጅር!» ጮኸችባት። «እየከፈልን ነው ያስያዝናቸው! ባንገዛ ኖሮ ዛሬ በረሃውን ተሻግረው ነበር! ማንም አይገዛም። አንድም!»

«አንቺ ስትገዢ ኖረሽ እኛን ትከለክያለሽ?» አለች ሙኒያ፤ እንባዋ መጣ። «የእኔ ወረቀት ገና አልወጣም እኮ!»

የዚያን ቀን የገዛ የለም፤ አስበን ሳይሆን ደንግጠን ነው። ሁዘይፋ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።

ሰውየው ግን ሞኝ አይደለም። በሚቀጥለው ጁምዓ መጥቶ ሳጥኑን ከጥላው አውጥቶ ጠራራ ፀሐይ ላይ አስቀመጠው። የካርቱምን የመጋቢት ፀሐይ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጥላው ሥር ተቀምጦ እግሩን ዘረጋ። ለመሸጥ አልተጣራም። እኛን እያየ መጠበቅ ብቻ።

ባለ ሰማያዊ ጉሮሮው አሁንም ውስጡ ነበር። አፉ ተከፍቷል፤ ክንፎቹ ወደ ታች ተዘርግተዋል። ከሴቶቹ ግማሾቹ ፊታቸውን አዞሩ። ሙኒያ ቦርሳዋን ከፈተች። ሉጥፊያ መጥታ ከፊቷ ቆመች፤ አልነካቻትም።

«እኔም መግዛት አቅቶኝ አይደለም» አለቻት። «የኔ ነው እሱ። አየሽው አይደል? ዛሬ ብገዛው ነገ ሌላ ሃያ ይይዛል።»

ውሃ ልትሰጣቸው ጣሳ ይዛ ስትጠጋ ሁዘይፋ በእግሩ ገፋት፤ ውሃው አፈሩ ላይ ፈሰሰ። «ለገዛ ብቻ» አለ። የከሰዓቱ የዓስር ሶላት ሳይደርስ ባለ ሰማያዊ ጉሮሮው በጎኑ ወደቀ። ሉጥፊያ እስኪወድቅ ድረስ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም። እኔ ግን አነሳሁ። በሕይወቴ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ሰው ርኅራኄን እንደ መረብ ሲዘረጋው ማየት ግን እስከ ዛሬ ደሜን ያፈላዋል። የራሴ ሞኝነትም እንዲሁ።

ሙኒያ ቦርሳዋን ዘጋች። ከሉጥፊያ ጋር ግን ሦስት ሳምንት አልተነጋገሩም።

ሁዘይፋ በሦስተኛው ጁምዓ ቀረ። ተገላገልን አልን። ባለፈው ሳምንት ግን ከኦምዱርማን የመጣች ሴት፣ በገበያው በኩል ባለ አንድ መስጊድ ደጅ ወፍ የሚያስፈታ ደግ ሰው አለ ብላ በደስታ ነገረችን። ብስክሌት አለው አለች። እዚያ ያሉት የእኛው እህቶች ስለ ሙጫው አያውቁም፤ እኛ እንዳለቀስነው እያለቀሱ ይገዛሉ። ሉጥፊያ ጁምዓን ከወንዙ ቀርታ ወደዚያ መሄድ ጀምራለች፤ ግን አንዲት ሴት ስንት ደጅ ትቆማለች? ወፎቹ ለማለፍ የቀራቸው ጥቂት ቀን ነው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። አትግዙ። አፉን ከፍቶ ቢያያችሁም፣ ልባችሁ ቢቆረጥም፣ ለእናታችሁ ጤናም ቢሆን፣ ለወረቀታችሁም ቢሆን አትግዙ። ይልቅ ከሳጥኑ አጠገብ ያለውን ዛፍ እዩ፤ ሙጫ ያለበት እንጨት ካገኛችሁ ስበሩት። ማንበብ የማትችል እህት በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ካለች ደግሞ ከመጪው ጁምዓ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡላት።