የአማቴን ስም የጠራሁበት ምዝገባ

የባሌን አባት ስም በአፌ ጠርቼ አላውቅም ነበር። በእኛ በሲዳማ ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ጨዋ ከሆነችማ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ ትሸሻለች። የአማቴ ስም ወተት ከሚለው ቃላችን ጋር ስለሚመሳሰል እኔ ወተትን «ነጩ» እያልኩ ነበር የምኖረው። የጎረቤት ሴቶች ይስቁብኛል፤ እኔ ግን በጨዋነቴ እኮራ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ እመጻደቅም ነበር።

ያኔ አዲስ ሙሽራ ነኝ። ሐዋሳ፣ ምሥራቅ በኩል፣ በአማቴ ቤት እንኖራለን። ባሌ የጭነት መኪና ረዳት ስለነበር ቤት የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። ደርግ የሸንጎ ምርጫ ሲያውጅ የቀበሌያችን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ «ተመዝገቡ» አሉ። ማን እንደሚወዳደር የጠየቀ ሰው አላስታውስም። ሰዉ የጠየቀው ሌላ ነው፦ ያልተመዘገበ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ላምባ ያገኛል ወይ? የሱቁ ሻጭ ትከሻውን ሰበቀ። ያ ትከሻ ሰፈሩን በሙሉ አሰለፈ።

በመጨረሻው የምዝገባ ቀን ከአማቴ ጋር አብረን ሄድን። ወንዶች በአንድ ሰልፍ፣ ሴቶች በሌላ፣ ጎን ለጎን ቆመናል። ጠረጴዛው ጋ ስደርስ መዝጋቢው፣ አንድ ወጣት ካድሬ፣ ስሜን ጻፈና፣

«የአባወራው ስም?» አለኝ።

አባወራው አጠገቤ ቆመዋል። ጋቢያቸው ክንዴን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ።

«አባወራው እኔ ነኝ፤ ስሜንም እኔው ልንገርህ» አሉ አማቴ።

«አይሆንም፣ አባት። ጓዲት አፍ አላት። ሴቶች እኩል ናቸው እያልን በኋላ ቀር ባህል አፏ ይለጎማል? ራሷ ትናገር፤ ካልሆነ ለሌላ ሰው ቦታ ትልቀቅ!»

«ኧረ ተናገሪና እንሂድበት!» አለች ከኋላዬ አንዷ። ፊቴ ጋለ። እንደ ሕፃን አፌ ተይዞ በመቅረቱ አፈርኩ። ከዚያ የባሰው ግን አፌን ልከፍት ምንም ያልቀረኝ መሆኑ ነው። እሳቸው እየሰሙ፣ ለስኳር ብዬ!

አማቴ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው እሳቸው ፊት ነው። መንገድ ላይ ቆሎ እንኳ ሲቆረጥሙ ታይተው አያውቁም። እኚህ ሰው ድንገት ሆዳቸውን ያዙና ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ፣

«ሽንቴ ወጠረኝ፣ ልጆች! አሳልፉኝ!» አሉ።

ሰልፉ በሳቅ ተተራመሰ። ካድሬውም ሳቀ። እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ከአጥሩ ወጡ፤ መንገዱን ተሻግረው ሲርቁ አየኋቸው። ሽንት እንዳልነበራቸው የገባው ለእኔ ብቻ ነው። ስማቸውን ስጠራ እንዳይሰሙኝ ጆሯቸውን ይዘው መሄዳቸው ነበር።

ያን ጊዜ ጠራሁት። ድምፄ ስለቀጠነ ካድሬው «ጮክ በይ!» አለኝና ደገምኩት።

ሲመለሱ ተራዎ አልፏል ተብለው ከሰልፉ ጭራ ቆሙ። ጭራው ጠረጴዛው ጋ ሳይደርስ ምዝገባው ተዘጋ። በኋላ ቀበሌው ጠርቶ ለምን እንዳልተመዘገቡ ሲጠይቃቸው «እርጅና ነው፣ ዘነጋሁ» ብለው ወጡ። የእኔን ስም አላነሱም። በመንገድ ሲያልፉም ከኋላቸው የሚስቅ ለብዙ ጊዜ አልጠፋም።

የምርጫው ቀን ሄጄ መረጥኩ። ከዕጩዎቹ አንዱንም አላውቅም ነበር፤ የቱ ላይ ምልክት እንዳደረግኩም ዛሬ ብጠየቅ አላስታውስም። የቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲገባለት ግን የእኔን ድርሻ ሰጡኝና የእሳቸውን ከለከሉኝ። ቤት ገብቼ ሻይ አፈላሁ። ለእሳቸው ስኳር ልጨምር ማንኪያውን ሳነሳ ብርጭቋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«ተይው፣ ልጄ፤ ለመራጯ ይሁን» አሉኝ ፈገግ ብለው።

መቀለዳቸው ነበር፤ ቂም የሚባል ነገር አያውቁም። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ስኳሩን ወደ ጣሳው መለስኩና ሻዬን እንደ እሳቸው መራራውን ጠጣሁ።