ማሬ ያስገዛችው ሞተር

ቅጣው ሞተር መንዳት የለመደው በሰው ሞተር ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ቀጥሮት፣ አምስት ዓመት ሙሉ መድኃኒትና ደብዳቤ ይዞ ከሰቆጣ አንዴ ጽጽቃ አንዴ ኒሯቅ ሲመላለስ ኖረ። በ1998 ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ፣ ደመወዙም ሞተሯም ባንድ ቀን ቀሩበት። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲያ የቀን ሥራ ሲያገኝ እየሠራ፣ ሲያጣ እየተቀመጠ፣ ከመነኮሱት እናቱ ከእማሆይ ወለተ ሐና ጋር ከረመ።

ታናሽ እህቱ ማሬ ቤሩት በሰው ቤት ትሠራለች። በ2000 ጥቅምት ላይ ቴሌ ድረስ አስጠርታ በስልክ አነጋገረችው።

«ወንድምዓለም፣ ዐሥራ ስድስት ሺህ ብር በባንክ ልኬልሃለሁ። የሦስት ዓመት ጥሪቴ ነው። ሞተር ግዛና ሰው እያመላለስክ እማሆይን ጡርልኝ።»

ቅጣው የትኛዋን እንደሚገዛ ወዲያው ታወቀው። ድርጅቱ የሸጣትን ያችን አሮጌ ያማሃ መካኒኩ ገብረ አምላክ ገዝቶ፣ እስከ ብሎኗ ፈታቶ አድሶ ጋራዡ ደጃፍ አቁሟት ነበር። ስምንት ሺህ ይላታል። ቅጣው ጠባይዋን አንድ በአንድ ያውቀዋል፤ የትኛው ዳገት ላይ እንደምትለግም፣ በብርድ ጧት ስንት ጊዜ ተረግጣ እንደምትነሣ። አዲስ የቻይና ሞተር ደግሞ ወልድያ ላይ ዐሥራ አምስት ሺህ ነው።

«እውነቱን ልንገርህ» አለው ገብረ አምላክ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «አዲሷ ታምራለች። ግን የኛ መንገድ ድንጋይ ነው፤ በስድስት ወሯ እሷም አሮጌ ናት። ያን ጊዜ ልሽጥ ብትል ግማሹን የሚሰጥህ አታገኝም። ይችን ውሰድና ቀሪውን ለክፉ ቀን አስቀምጠው።»

የቅጣውም ልብ እዚያው ነበር። ግን ገንዘቡ የእህቱ ነውና ሳይነግራት መግዛት አልፈለገም። በሳምንቱ ስትደውል ነገራት።

«አሮጌዋን ብወስድ ስምንት ሺህ ይተርፈናል» አላት።

«አይሆንም። ወንድምዓለም፣ እኔ እዚህ የምለብሰው እመቤቲቱ የጣለችውን ነው። የምበላው ከነሱ የተረፈውን ነው። ፍራሼ እንኳ ልጆቻቸው የሸኑበት ነው። አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ሰው ያልተጠቀመበት በኔ ገንዘብ ቤታችን ይግባ።»

«ቀሪውን እኮ ላንቺው ላስቀምጠው ብዬ ነው።»

«ለኔ አታስብ። ደኅና ነኝ።»

ደኅና አልነበረችም። እግሯ ማበጥ ከጀመረ ወራት አልፎት ነበር። እሱ ይህን ያወቀው ኋላ ነው።

ወልድያ ወርዶ ቀይዋን የቻይና ሞተር ገዛ። እማሆይ ደጅ ወጥተው መርቀው ተቀበሉት። ፎቶ አንሺ ጠርቶ ከሞተሯ ጋር ተነሣና ለማሬ ላከላት። አምስት ወር ያህል ሥራው ቀናው። የጽጽቃ ገበያተኛ፣ ለክርስትና የተጠራ ቄስ፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ ሁሉም ቅጣውን ይጠራ ጀመር። ከፋብሪካ የመጣችበትን የመቀመጫዋን መሸፈኛ ላስቲክ ግን ተቀዶ እስኪያልቅ ድረስ አላነሣውም።

ሚያዝያ ላይ አንድ ከሰዓት መናኸሪያ ቆሞ ደንበኛ ሲጠብቅ፣ አንዲት ሴት የአውቶቡሱን በር ይዛ ቀስ ብላ ወረደች። ፊቷ አብጧል። አላወቃትም።

«ወንድምዓለም» አለችው።

ደግፎ ሞተሯ ላይ አስቀመጣት። ማሬ የነዳጅ ቋቱን በመዳፏ ዳሰሰችና «ይችው ናት?» አለች። «ከፎቶዋ ትበልጣለች።»

መቀሌ ወስዶ አስመረመራት። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ ሊያቆሙ ደርሰዋል፣ አዲስ አበባ ሄዳ ደሟ በማሽን መታጠብ አለበት ተባለ። አምስት ወር የሠራው ገንዘብ መቀሌ ላይ አልቆ፣ ቅጣው እጅ የቀረችው ያች ሞተር ብቻ ነበረች። የእህልና የጨው ነጋዴው ምትኩ ዞሮ ዞሮ አያትና ሰባት ሺህ ሰጠ።

«አምስት ወሯ እኮ ነው! አዲስ ናት!»

«አሮጌ ናት አልወጣኝም» አለ ምትኩ። «ታርጋ ከለጠፈች ወዲያ ግን አዲስ አትባልም።»

ብር ሊበደር ገብረ አምላክ ዘንድ ሮጠ። ያማሃዋን የኒሯቅ ሰው ወስዷት፣ ብሩ መለዋወጫ ሆኗል። ገብረ አምላክ ኪሱ ውስጥ የነበረችውን ሁለት መቶ ብር አውጥቶ ሰጠው። ነግሬህ ነበር አላለውም፤ የቅጣውን ዓይን ማየት ግን አልቻለም።

ለምትኩ በሰባቱ ሺህ ሸጠለት፤ ለማሬ ግን ሞተሯን ሰው ዘንድ አቁሜያታለሁ አላት። እውነቱን ሊነግራት ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሁለቱንም ጊዜ ተወው።

ሰባቱ ሺህ አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት አላደረሰም። ተመለሱ። ምትኩ አዝኖለት በሞተሯ ሹፌርነት ቀጠረው፤ ማታ ማታም ቅጣው ቤት እንድታድር ፈቀደለት። ማሬ ከመደቡ ላይ ሆና ድምጿን ከሩቅ ትለያለች። «ወንድምዓለም መጣ» ትልና ለእማሆይ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣንጋ የሆነ ነገር ትነግራቸዋለች፤ እሳቸውም ፈገግ ይላሉ። ሲገባ «ዛሬ ስንት ሰው ጫንክ?» ትለዋለች። ብሩ ለምትኩ የገባውን ሰው ሁሉ ቆጥሮ ይነግራታል።

በሐምሌ መጨረሻ የምትኩን ጨው ጽጽቃ አድርሶ ሲመለስ ወንዝ ሞላበትና አንድ ቀን ዋለ አደረ። ሰቆጣ ሲደርስ ቤቱ ደጃፍ ሰው ቆሟል። ሞተሯን ሳያጠፋ ወርዶ ሮጠ። ማሬ ተገንዛለች።

በአርባዋ ቀን አንድ ሽማግሌ ሊያጽናኑት ጠጋ አሉ።

«አይዞህ ልጄ። ልፋቷ ሜዳ አልቀረም። ይኸው የምትኖርበትን ትታልህ ሄደች» ብለው ከዳሱ አጠገብ ወደቆመችው ሞተር ጠቆሙ። እማሆይ «እውነት ነው» አሉ። ለሳቸውም አልነገራቸውም ነበር።

ምትኩ ከፊት ለፊት ተቀምጧል። የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠና አንገቱን ደፋ።

«አዎ አባባ» አለ ቅጣው።

በማግሥቱ ጧት ቅጣው ወደ ምትኩ ሱቅ ሄደ። ምትኩ ጨው እያቀበለው ቀና ሳይል «ዛሬ እንኳ ብትቀር?» አለው።

«ቤት ውዬ ምን ላደርግ?» አለ ቅጣው። ገመዱን አጠበቀ፣ ሞተሯን ረግጦ አስነሣና የጽጽቃን መንገድ ያዘ።