ገበሩ የተቀደደው ባርኔጣ

እኔ ቶሎ የምቆጣ፣ ቶሎ የምስቅ ሰው ነኝ። ለስፖርት አመራር ሥራ ሁለተኛው ጠባይ ይጠቅማል፤ የመጀመሪያው ግን አንድ ጊዜ ወንበሬን ሊያሳጣኝ ምንም አልቀረውም።

ጉለሌ ውስጥ የሰፈር ቡድኖችን የእግር ኳስ ውድድር የሚመራ ኮሚቴ አለን። ለዓመታት ጸሐፊው ነበርኩ። ደብዳቤ ስጽፍ፣ መረብ ሳስጠግን፣ ዳኛና ተጫዋች ሳስታርቅ ኖሬ፣ የቀድሞው ሰብሳቢያችን አርጅተው ሲለቁ «ተጠባባቂ ሰብሳቢ» ተባልኩ። ተጠባባቂ ማለት ወንበሩ ላይ ትቀመጫለሽ፣ ግን አትደገፊም ማለት ነው። ቋሚ መሆን አለመሆኔን የቡድን መሪዎቹ ከውድድሩ በኋላ በድምፅ ሊወስኑ ነው። ወንበሩን በጣም ፈልጌው ነበር፤ አልዋሽም።

እኛ ዘንድ ዕጣ የሚወጣው ከእኚሁ ሽማግሌ ባርኔጣ ነው። ድሮ በሳህን ሲወጣ «ወረቀቱ ይታያል» ተባብለን ስለተጣላን፣ እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰጡ፤ በዚያው ልማድ ሆነ። ሥራውን ቢለቁም ለዕጣው ቀን ይዘውት መጡ። እኔ ደግሞ ሥርዓት ላሳይ ብዬ በሰዓቱ በሩን ዘጋሁ። የቡድኖቹን ስም በእጄ ጽፌ፣ አጣጥፌ ከተትኩ። ከስምንቱ ቡድኖች ሰባት ወጣ፤ ባርኔጣውን ብገለብጠው ባዶ ነው። የጎደለው የሸጎሌ ቡድን ነበር፤ መሪውም በቦታው የለም። መዝገቡን ገልጬ እንደማየት፣ ምዝገባቸውን ስላልጨረሱ ስማቸውን ሳልጽፍ ቀርቼ ነው ብዬ ደመደምኩ። የእኔው ሰፈር የቁስቋም ቡድን ጥንድ ስላጣ ያለ ተጋጣሚ አለፈ።

የሸጎሌው መሪ የታክሲ ሰልፍ ይዞት ኖሮ ላቡን እየጠረገ ደረሰ። አልተመዘገባችሁም አልኩት። በጊዜው መመዝገባቸውን ማለልኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «መጀመሪያ ሰዓት ማክበር ተማር፤ ከዚያ ቡድን ትመራለህ» አልኩት። ላቡን እንደገና ጠርጎ ወጣ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው ቢሮ መጡ። ባርኔጣቸውን ሲቦርሹ፣ ከተቀደደው ገበር ሥር አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አግኝተዋል። ከፈትኩት። በገዛ እጅ ጽሑፌ «ሸጎሌ» ይላል። ፊቴ ጋለ። መርሐ ግብሩ ማኅተም ተመቶበት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ወረቀቷን ያየነው ደግሞ ሁለታችን ብቻ ነን።

«ጋሼ፣ ምን ባደርግ ይሻላል?» አልኳቸው።

«እኔማ ለቅቄያለሁ፣ ልጄ» አሉና ባርኔጣውን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ ሄዱ።

ተናደድኩባቸው። ምክር ስጠይቅ ባርኔጣ! ትንሽ ቆይቼ ግን ባርኔጣው አሁን የማን እንደሆነ ገባኝ። መርሐ ግብሩን ከግድግዳው ላይ ላጥኩና ታክሲ ይዤ ሸጎሌ ሄድኩ። ሰውየውን ከከብት ገበያው አጠገብ ከተጫዋቾቹ ጋር ቆሞ አገኘሁት። ሰው ፊት ነበር ያዋረድኩት፤ ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ወረቀቷንም አሳየሁት። ተቀብሎ ገልብጦ አያትና፣ «ጽሑፍሽ ያምራል» ብቻ አለኝ።

ገበሩን ራሴ ሰፋሁት። ዕጣው እንደገና ወጣ፤ ስምንት ገባ፣ ስምንት ወጣ። ቁስቋም ከማን ጋር ቢደርሰው ጥሩ ነው? ከሸጎሌ! አራት ለባዶ ተሸነፍን። ጎረቤቶቼ ለሳምንት ያህል ሰላም የሚሉኝ ከሩቅ ሆነ። አንዷማ፣ ያንን ገበር ባትሰፊው ምን ነበረበት ብላኛለች።

የድምፅ መስጫው ቀን የሸጎሌው መሪ ከሁሉም ቀድሞ ተገኘ። በሩን ከፍቼ ስገባ ደጅ ላይ እየጠበቀኝ ነበር። ስብሰባው ሲጀመር መጀመሪያ የተነሳው እሱ ነው።

«ስትሳሳት ታክሲ ይዛ የምትመጣ ሰብሳቢ አይቼ አላውቅም» አለ። «እኔ እሷን ነው የምፈልገው።»

እጆች ወጡ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ እንባዬም መጣ። ስቆጥር ግን ሰባት ናቸው። የቁስቋም ቡድን መሪ፣ የገዛ ጎረቤቴ፣ እጁን አጣጥፎ ያየኛል። ሁላችንም ጠበቅነው። በመጨረሻ እየሳቀ አነሳው።