ተሳቢው የቆመበት እግር

ዋና አዘጋጃችን የሰጠኝ ሥራ ሦስት ክፍል ነበረው፦ የተጣመሩ ነገሮች ሳይሰበሩ እንዴት ይላቀቃሉ? አንድ መሐንዲስ በፍሪሲዮን አስረዳኝ፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ የማይጠፋው ሁለቱን ለጊዜው የሚያለያይ ነገር መካከላቸው ስላለ ነው። አንዲት ሐኪም ደግሞ በሽተኛን ከመተንፈሻ መሣሪያ በአንድ ጊዜ እንደማይነቅሉት፣ እርዳታውን እየቀነሱ ሳንባውን እንደሚያለማምዱት ነገረችኝ። የቀረው የሰዎች ጉዳይ ነበር። ለእሱ ሐርጌሳን መረጥኩ። በሰሜን ጦርነቱ እየነደደ፣ እዚያ የትግራይና የአማራ ሾፌሮች በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ ተብሏል። ከነሱ አንዱ ሀፍቶም መሆኑን ለአዘጋጁ አልነገርኩትም።

ሀፍቶም የጋዜጣችን የመስክ መኪና ሾፌር ነበር። ለዓመታት አገሩን አብረን አካለልን። ጦርነቱ በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራውን ለቆ በበርበራ መስመር ጭነት መንዳት ያዘ፤ ስልኬንም ማንሳት ተወ።

ከጅጅጋ ወዲያ

ከጅጅጋ በሚኒባስ ቶጎ ውጫሌ ደረስኩ፤ ድንበሩን በእግሬ ተሻግሬ ሌላ መኪና ያዝኩ። በሶማሌላንድ መኪናው በቀኝ ይሄዳል፣ መሪውም በቀኝ ነው። በግራ በኩል ጋቢና ተቀምጬ ከፊት የሚመጣውን ሁሉ ከሾፌሩ ቀድሜ አየሁ። ሜዳው ደረቅ፣ ግራሩ አጭር፣ ግመሎቹ ለክላክስ ደንታ የሌላቸው ነበሩ። ዋሄን ገበያ ወርጄ በወተት የፈላ ሻሂ ጠጣሁና አንድ ተሸካሚ ሼክ ኑር ሰፈር እስካለው የሾፌሮቹ ቤት መራኝ።

በሩን የከፈተው አስማማው የሚባል የጎንደር ሰው ነው። ስሜን ስነግረው ሳቀ።

«ጋዜጠኛው! ልጁን ልትወስድብን መጣህ?»

ሀፍቶም ከጓዳ ወጥቶ አቀፈኝ። እቅፉ አጭር ነበር። ቀኑ ረቡዕ ስለነበር ፉል ቀረበ፤ ሦስታችን ከአንድ ሳህን በላን። አስማማው ቃሪያውን ሳይጠየቅ ወደ ሀፍቶም ገፋለት፤ «ሀፍቴ» እያለ ይጠራዋል። ሀፍቴ የምለው እኔ ነበርኩ።

«ዳገት ላይ ያንጎራጉራል፣ ታውቃለህ?» አለኝ አስማማው።

ለዓመታት ከጎኑ ተቀምጬ የሰማሁትን እንደ አዲስ ዜና ሲነግረኝ የያዝኩትን ዳቦ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ። የዚህ ሰው ታናሽ ወንድም ትግራይ ግንባር ዘምቷል። የሀፍቶም እናት ያሉት እዚያው ነው። ከእኔ ጋር መዝለቅ ያልቻለው ሀፍቶም ከዚህ ሰው ጋር እንዴት ሆነለት? ሥራዬ ነውና ጠየቅሁት።

«አንተ በየቀኑ ከቤት ምን ሰማህ ትለኝ ነበር» አለ ሀፍቶም። «ስልክ ተቋርጧል፣ ምን ልበልህ? እሱ አይጠይቀኝም።»

ተሳቢ ማቆሚያው

በማግስቱ ከከተማው ዳር ተሳቢ የሚያቆሙበት ግቢ አብሬያቸው ሄድኩ። ሀፍቶም ተሳቢውን ከመኪናው መፍታት ሊጀምር ሲል ስልኩ ጮኸ። ጥቂት አዳመጠ፤ «እሺ» ብቻ ብሎ ዘጋው። ጋቢናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ልከተለው ስነሳ አስማማው ክንዴን ያዘኝ።

«ተወው። ሲበቃው ይወጣል። የኔ ክፉ ቀን ሲሆን እሱም እንዲሁ ይተወኛል።»

የሀፍቶምን ሥራ እሱ ተረከበ። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስደረገኝ። የተሳቢውን እግር መሬት እስኪነካ አወረደ፤ የአየር ቱቦዎቹን ነቀለ፤ ሁለቱን የሚያያይዘውን ፒን የሳበው በመጨረሻ ነው። ተሳቢው በራሱ እግር ሳይቆም ፒን አይወጣም፣ በግድ ከወጣም አንዱ ይጎዳል አለኝ።

ሀፍቶም ፊቱን ታጥቦ ወጣ። አየኝና ጠበቀ፤ ጥያቄው እንደሚመጣ ያውቃል። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ትቼው ከፔርሙዝ ሻሂ ቀዳሁለት።

«ዛሬ ምን ነካህ?» አለኝ፤ ፈገግም አለ። ከዚያ እስከ ድንበር ራሱ እንደሚሸኘኝ ነገረኝ። ተሳቢ በሌለው መኪና ስንሄድ ትንሿ ዳገት ላይ አንጎራጎረ። አስማማው ባለመኖሩ ደስ አለኝ።

ቤት

አዲስ አበባ ስገባ ባለቤቴ «እናቱስ?» አለችኝ። አልጠየቅሁትም አልኳት። ለአዘጋጁም ሦስተኛውን ክፍል የስልኩን ወሬ ሳልጨምር ሰጠሁ፤ ሰው ከሰው ሳይሰበር የሚላቀቀው ሸክሙን ብቻውን የሚያቆምበት ቦታ ሲተዉለት ነው ብዬ ደመደምኩ። በልቤ ግን አስማማው ላይ መቅናቴን አልተውኩም።

ከቀናት በኋላ ሀፍቶም ደወለ። የዚያን ቀን በስልክ የሰማውን ሳልጠይቀው ነገረኝ፦ እናቱ በሕይወት አሉ፤ ቤታቸው ተቃጥሏል፤ ጎረቤት ተጠግተዋል። አጽናናሁት። ቅናቴ ግን አላስቻለኝም።

«ለአስማማው ነገርከው?»

«ወንድሙ እኮ እዚያው ነው ያለው» አለ ሀፍቶም። «ቤታችንን ማን አቃጠለው ብዬ ነው የምነግረው?»

ሌላ ጥያቄ አልጨመርኩም፤ ስልኩንም ከጆሮዬ አላነሳሁም። እሱም ስልኩን አልዘጋውም።