«ባሌን እንዳትጥልብኝ!»

ሰርቨር ማዛወር ቤት ከመልቀቅ አይተናነስም ስል የሚስቅብኝ አለ። ይሳቅ። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ።

የፒያሳው ሰፈራችን ሊፈርስ ሲል የሰፈሩ ልጆች ስልካችንን ይዘን በየቤቱ እየዞርን የአዛውንቱን ጨዋታ ቀዳን። የተበተነው ጎረቤት ካለበት ሆኖ እንዲሰማውም ድረ ገጽ ላይ ጫንነው። ድምፆቹ የሚቀመጡበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የምንለው፣ የኪራይ ነው። ዘንድሮ አከራዩ ድርጅት ሥራውን ሊያቆም መሆኑን ነገረን። እኔና ጓደኛዬ ሌላ አከራይ ፈልገን ጓዛችንን ጠቀለልን።

ጭንቀቴ አንዲት እማማ ነበሩ። ባላቸው ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ አረፉ። እሳቸው ከተማ ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ ደግሞ የባላቸው ፎቶዎች ያሉበት ሣጥን ከጭነት መኪናው ላይ ጠፋ። የቀራቸው እኛ ጋ ያለው ድምፅ ብቻ ነው፤ ማታ ማታ በጎረቤት ልጅ ስልክ ይሰሙታል። ልናዛውር መሆኑን እንደሰሙ ደወሉልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ባሌን እንዳትጥልብኝ! አንዴ ከመኪና ጥለውብኛል!»

«ኧረ ምን ሲደረግ እማማ! እንደ ዕንቁላል ነው የምይዛቸው» አልኩ። አፌን ማን ያዘው!

የተዛወርን ዕለት ጓደኛዬ «ገብቷል! ሁሉም ገብቷል!» ብሎ ጨፈረ፤ በዚያው ደስታው አሮጌውን ሰርቨር ደመሰሰው። ከዚያ አዲሱን ከፈትነው። ጉድ ፈላ! እኛ አገር ወዳዶቹ የእያንዳንዱን ቅጂ ስም በአማርኛ ነበር የጻፍነው። በጉዞው ላይ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ቀርቷል። ድምፁ አለ፣ የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። አንዳንዱም ጭራሽ አልከፈት አለ። ብንሰማውስ ምን እንለያለን? የሰፈራችን ሽማግሌ ሁሉ «እንግዲህ ልጄ» ብሎ ይጀምርና ይስላል። የእማማን ባል የቀዳኋቸው ደግሞ እኔ አልነበርኩም። ጓደኛዬን አንቄ ልገድለው ምንም አልቀረኝ።

በመጨረሻ ለእማማ እውነቱን ነገርኳቸው። «ይምጡና አብረን እንፈልጋቸው» አልኩ።

እሁድ ጠዋት ያገኘነውን ጎረቤት ሁሉ ፒያሳ ወዳለ አንድ ኬክ ቤት ጠራን። እማማ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በቀጥታ መጡ። አትክልት ተራ ሽንኩርት ያከፋፍሉ የነበሩት ጋሼም መጡ። ብዙዎቹ ከተበተኑ ወዲህ አልተያዩም፤ መሳሳሙ አላልቅ ብሎ ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ላፕቶፔን ባንኮኒው ላይ አድርጌ የመጀመሪያውን ከፈትኩ።

«እንግዲህ ልጄ» አለ ድምፁ። ከዚያም ሳለ።

«ፀጉር አስተካካዩ ነው!» ብለው ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። «ይሄን ሳል አጥቼው ነው? ጆሮዬን የቆረጠኝ ዕለት እንዲሁ ነው የሳለው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁማቸው! አንዷ በስድቧ ታወቀች፤ አንዱ ጨዋታው መሀል እንቅልፍ ወስዶት በማንኮራፋቱ ታወቀ። አስተናጋጇ ሳትቀር ትሪዋን ይዛ መገመት ጀመረች። እኔ ስም ስጽፍ እጄ ዛለ፤ ግን እንዴት ደስ አለኝ! ሰፈሬ ተመልሶ የተሰበሰበ መሰለኝ።

እማማ ግን ማኪያቶውን አልነኩትም። የቀረው ቅጂ እየሳሳ መጣ። አንዱን ስከፍት እምቢ አለ። ቀጣዩም እንደዚያው።

«የመጨረሻው ነው» አልኩ፣ ቀና ብዬ ሳላያቸው።

ተከፈተ። መጀመሪያ የተሰማው ሲጥ ሲጥ የሚል ወንበር ነበር።

«እሱ ነው!» አሉ እማማ። «ያ ወንበር የኔ ነው፤ አሁንም እንዲሁ ይጮሃል!»

ከዚያ የባላቸው ድምፅ መጣ። «እኔ ውቤ በረሃ ስገባ ሙዚቀኛው ሁሉ መጫወቱን አቁሞ ነው የሚቀበለኝ!»

«ውሸቱን ነው! መብራት ጠፍቶ ነው!» አሉ ቅጂው ውስጥ ያሉት እማማ ራሳቸው። እማማም ኬክ ቤቱ ውስጥ፣ ቃል ሳያዛንፉ፣ እኩል ጮኹ። እኔ እየሳቅኩ እንባዬ መጣ።

ሰውየው ሳቁ። «ታዲያ አንቺ እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?» አሉ። ቅጂው እዚያ ላይ አለቀ።

ሰው ሁሉ ወደ እማማ ዞረ። በዚያ ዘመን የጨዋ ልጅ፣ ያውም በምሽት፣ ውቤ በረሃ!

«ኧረ እውነትም፣ ምን ይሠሩ ነበር?» አሉ ጋሼ።

እማማ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው እንደ ኮረዳ ሳቁ።

«እሱን ለማየት ነዋ! ሌላ ምን ልሠራ?» አሉ። «ማታ ማታ ይጠይቀኛል፣ እኔ ዝም። እንዳይኮራብኝ ብዬ።»

ስሙን ልጽፍ ስል እጄን ያዙኝ።

«እሱ ይደርሳል። እንደገና ክፈተው እስቲ፤ አሁን ልንገረው።»