የኦርቪል ቶርሰን አሥራ ሁለት ዳኞች

ኦርቪል ቶርሰን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ በሞንታና ሜዳ የሰው ከብት ሲጠብቅ የኖረ ዝምተኛ ሰው ነበር። ግራ ዓይኑን ያጣው በአንድ የሚያዝያ ጠዋት ነው። ጥጃ አመለጠ ብሎ የተቆጣው ጌታው ክላይድ ራስክ በአካፋ ፊቱን መታው፤ ከወደቀም በኋላ ደገመው። ያልቀለጠው በረዶ በደም ራሰ።

ኦርቪል ከስሶ ካሣ ተፈረደለት። ክላይድ ግን ፍርዱ ከመሰጠቱ ቀደም ብሎ ከብቱን ሁሉ «በአንድ ዶላርና በቤተሰብ ፍቅር» ለሚስቱ ወንድም ለመርል ሆብስ አዛውሮ ባዶ እጁን አሳየ።

«ሽያጩ ለማስመሰል ነው ብለን የከብቶቹን ዋጋ ከመርል እንጠይቃለን» አለችው ጠበቃው ወይዘሮ ሉንድ። «ከብቶቹ ራሳቸው ይመለሱ ካልን ዳኛው ብቻውን ይወስናል። ገንዘብ ከጠየቅን ግን አሥራ ሁለት የአገር ሰው፣ ጁሪ ተቀምጦ እንዲፈርድ መብትህ ነው። በጊዜው ካልጠየቅህ ግን ቀረ።»

«የአገሬ ሰው ይየው።»

ክላይድ ይህን ሲሰማ ከሁለት ልጆቹ ጋር ሆኖ ኦርቪልን ከመኖ መደብሩ ጀርባ ያዘው። ጎኑን ረገጡት፤ ጥርሱን አረገፉት።

«ጁሪ ይቅርብኝ በል!»

«ምነው ክላይድ፣ ጎረቤቶችህን ፈራህ እንዴ?» አለ ደም እየተፋ።

ክንዱን ሰበሩት። በማግሥቱ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ሄደና የጁሪ ጥያቄውን ለፍርድ ቤቱ አስገባ።

በችሎቱ ቀን ወይዘሮ ሉንድ መርልን ጠየቀችው፤ «ከብቶቹን ገዛሁ ብለዋል። ታዲያ ይኸው ሦስት ዓመት፣ የራስዎን ምልክት በጋለ ብረት ለምን አልተኮሱባቸውም?»

መርል ደሙ ፈላ። «አንቺ ሴትዮ፣ በሰው ከብት ላይ ምልክቴን የምተኩስ ሌባ ልታደርጊኝ ነው?»

ከዚያ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ፣ ሽማግሌ ከብት አርቢ፣ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ክላይድ የችሎቱን የእንጨት አጥር ዘልሎ የመርልን አፍ በቡጢ መታው።

«ደደብ!»

«ምን አጠፋሁ? ያንተ ናቸው'ኮ!»

ፖሊሶቹ ክላይድን መሬት ላይ ጥለው አንገቱን በጉልበት ተጫኑት።

ጁሪው ብዙም ሳይቆይ ለኦርቪል ፈረደ። በፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ መርል ያበጠ ከንፈሩን በመሐረብ ይዞ ደረሰበት።

«ኦርቪል፣ እኔ ሌባ ነኝ?»

ኦርቪል በቀረችው ዓይኑ አየት አደረገው። «ኧረ አይደለህም፣ መርል። የሌባ አማች ነህ።»