ካቴና የምትስለው ሸዋወርቅ

አዳማ ውስጥ፣ ከእንጨት መሸጫዎቹ ጀርባ፣ ሸዋወርቅ የምትባል ሴት አለች። ድሮ አጠና ትሸጥ ነበር። የቆራጮቹ መጋዝ በደነዘ ቁጥር ሥራ ሲቆም እያየች ስትበሳጭ ኖራ፣ አንድ ቀን አጠናውን ትታ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር የመሳያ ማሽን ገዛች። የሚሽከረከረውን ስስ ድንጋይ በእጀታው ዝቅ እያደረገች የሞተር መጋዝ ካቴና ጥርስ በጥርስ ትስላለች። «ሴት ከካቴና ጋር ምን አገናኛት?» ያሉ ነበሩ። እሷ ግን መነጽሯን አድርጋ ማሽኗን አስነሳች።

አጀማመሯ ግን አላማረም። ደራ ከምትባለው ከተማ የመጣው እንጨት ቆራጭ ጉተማ ያመጣላትን ካቴና ድንጋዩን ጫን አድርጋ አቃጠለችው። ጥርሶቹ ሰማያዊ ሆኑ፤ የተቃጠለ ብረት ደግሞ ስለት አይዝም። ጉተማ ተመልሶ መጣና ካቴናውን ጠረጴዛዋ ላይ ጣለው።

«እትዬ፣ ይሄ ቅቤም አይቆርጥ!»

«እውነትህን ነው፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለችና አዲስ ሰጠችው።

ከዚያ በኋላ በአሮጌ ካቴና ስትለማመድ ከረመች። ነካ አድርጎ ማንሳት፣ ነካ አድርጎ ማንሳት። እጇ ተገራ፤ ጉተማም ደንበኛዋ ሆኖ ቀረ።

ባለፈው ክረምት ደራ ላይ ኃይለኛ ነፋስ አንድ ያረጀ ግራር ነቅሎ የኦቦ ገመዳ ወፍጮ ቤት ላይ ጣለው። ጣሪያው ተቀደደ፣ በሩ ተዘጋ። ውስጥ የሰፈሩ ሰው እህል አለ፤ ሰማዩም ዳግም ጠቁሯል። ጉተማ ግንዱን ከሥሩ በኩል መቁረጥ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ መጋዙ ጭስ እንጂ ሰጋቱራ አላወጣ አለ። ካቴና ቀየረ፤ እሱም ደነዘ። ስልኩን አነሳ።

«እትዬ ሸዋወርቅ፣ ዛሬም አቃጠሉብኝ እንዴ?»

«አላቃጠልኩም። መጣሁ፣ ጠብቀኝ!»

ማሽኗን ፈታ በጆንያ ጠቅልላ፣ በሚኒባስ ደራ ገባች። ኦቦ ገመዳ ከጎረቤት ጀነሬተር ገመድ አስዘርግተው ጠበቋት። ሸዋወርቅ ካቴናውን ወደ ብርሃን አነሳችው።

«ና እይ ጉተማ። የተቃጠለ ቦታ አለው? የለውም። ጥርሱ ነው የተሸረፈው። ግንዱ ውስጥ ብረት አለ።»

ኦቦ ገመዳ ግንባራቸውን መቱ። «ዋይ! ስንት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ስንቸነክርበት የኖርን ዛፍ እኮ ነው!»

ዛፉ ምስማሩን ሁሉ ውጦት ኖሯል።

«እንግዲያው ሥሩን ተወው» አለችው ጉተማን። «ዛፉ ቆሞ ሳለ የሰው እጅ የማይደርስበት ጋ ነው የምትቆርጠው።»

ከዚያ በጣም የተሸረፈውን ጥርስ ፈልጋ ሳለችው፤ የቀሩትን ሁሉ ወደ እሱ ልክ አመጣቻቸው። አንዱ ረዝሞ ሌላው ካጠረ መጋዙ ወደ ጎን ይጎትታል። የከበባት ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

«ቶሎ በይ እንጂ፣ ዝናቡ ደረሰ!» አለ አንዱ።

«ከቸኮልኩ ይቃጠላል» አለች፣ ዓይኗን ከድንጋዩ ሳትነቅል።

ጉተማ ካቴናውን ገጥሞ መጋዙን ወደ ቅርንጫፎቹ ባለው ወገን ላይ አሳረፈው። ሰጋቱራው እንደ ቆሎ እየተበተነ ጫማው ላይ ተከመረ። ግንዱ ተቆረጠ፤ ጎረምሶች ገፍተው ከበሩ ላይ አንከባለሉት። እህሉ በትከሻ በትከሻ ወጣ። የመጨረሻው ጆንያ ጎረቤት ቤት ሲገባ ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። ሸዋወርቅ ማሽኗን በላስቲክ ሸፍና በረንዳው ሥር ቆመች፤ እጇ በብረት ብናኝ ጠቁሯል፣ ፊቷ ግን በርቷል።

«ገለቶሚ፣ ተባረኪ ልጄ» አሏት ኦቦ ገመዳ። «እዚሁ ደራ ክፍል ልስጥሽና ሱቅ ክፈቺ።»

«ይኑሩልኝ ኦቦ። ቤቴ አዳማ ነው፤ እናንተ ካቴናውን ላኩልኝ እንጂ እኔ እስላለሁ!»

እንዳለችውም ሆነ። ከደራ፣ ከአዳሚ ቱሉ፣ ከቡልቡላ በጨርቅ የተጠቀለለ ካቴና በሚኒባስ ይመጣላታል። ዛሬ ጠዋት አንዱን ፈታ ጥርሱን በጣቷ ዳሰሰችና፣ «ይሄ ደግሞ አፈር ነክቶ ነው የደነዘው» ብላ ማሽኗን አስነሳች።